ቫምፓየሩን አመንኩት፤ መርማሪ ፖሊሱን ግን እንዴት ብዬ ልመን?

ባለፈው ሰሞን ነው። ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ፀሐይዋ ሰውን ሁሉ ወደየቤቱ አስገብታ፣ ግማሹን ከበርጫው፣ ግማሹን ከእንቅልፉ ጋር አገናኝታ፣ መንገዱን ለውሾችና ለእኔ ትታልናለች። ዛፍ ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ ጋዜጣ ሳገላብጥ አንድ የሰፈር ልጅ ሦስት ደብተር በፌስታል አንጠልጥሎ መጣ። «ጋሼ፣ አቦ ይችን አንብብልኝ» አለና ጭኔ ላይ ጣል አድርጎት ሄደ። (ድሬ ላይ ጋሼም ተብሎ አንተ ይባላል። የሸገር ሰዎች ይሄን ብልግና ይሉታል፤ እኛ ፍቅር እንለዋለን።)

ደብተሮቹ ውስጥ ያለው ልቦለድ ነው። ልጁ ከአንድ የፈረንጅ መጽሐፍ ላይ ወስጄ «ውርስ ትርጉም» አደረግሁት ይላል። ነገርዬው እንዲህ ነው። ደቻቱ አሸዋ ላይ ጠዋት ጠዋት ደማቸው ተመጥጦ ያለቀ ሬሳዎች ይገኛሉ። አንገታቸው ላይ ሁለት ጥቃቅን ቀዳዳ! ጉዳዩ ለአንድ ወጣት ኢንስፔክተር ይሰጠዋል። ኢንስፔክተሩ መልከ መልካም ነው፣ አይጠጣም፣ ጉቦ አይበላም፣ አለቃው ፊት አይርበተበትም። ከሟቾቹ የአንዷን እህት ይወዳል። የልጅቷ ልብ ግን በሌሊት ብቻ ብቅ ከሚል፣ ዓይኑ ከሚያዞር፣ ድምፁ ከሚያሰክር ሌላ ሰው ጋር ሸፍቷል። መቼም ገምታችኋል፤ በሌሊት ብቻ ብቅ የሚለው ሰውዬ ነው ደም መጣጩ፣ ፈረንጆቹ ቫምፓየር የሚሉት።

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ራቴን ሳልበላ አነበብኩት። ሁለተኛውን ደብተር የጨረስኩት መብራት ጠፍቶ በሻማ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ታሪክ ደግሞ ከአምፖል ሻማ ይሻላል። ልጁ መጻፍ ይችላል! ሦስተኛውን ደብተር ስከፍት ግን የእኔው የራሴ ደም ፈላ።

ለምን እንደፈላ ከመናገሬ በፊት አንድ ወገን ዝም ማሰኘት አለብኝ። እነዚያ «የወንጀል ምርመራ፣ የፍቅርና የአስፈሪ ልቦለድ ሥነ ጽሑፍ አይባልም፤ ርካሽ ጊዜ መግደያ ነው» እያሉ ከንፈራቸውን የሚያጣምሙ ሊቃውንት አሉ አይደል? ይህን ጽሑፍ ለእነሱ ድጋፍ አድርገው እንዳይወስዱብኝ። ለመሆኑ ከተሜውን መጽሐፍ በብብቱ ይዞ እንዲሄድ ያስለመደው ማነው? የእነሱ ጥናታዊ ጽሑፍ ነው? በአማርኛ የምርመራ ልቦለድ ፈር ከቀደዱት አንዱ ይልማ ሀብተየስ ነው። የስለላ መጻሕፍትን እየተረጎመ ትውልድ ያስነበበው ማሞ ውድነህ ነው። «ፖሊስና እርምጃው» ጋዜጣን ደግሞ ማን ይረሳዋል? የመንግሥት ጋዜጣ ሆኖ ሳለ ሰው እየተሻማ ያነብ የነበረው ለአዋጁ ሳይሆን ለወንጀል ታሪኩ ነው። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ስ እስቲ ምንድነው? ስለላ አለ፣ ግድያ አለ፣ ሴራ አለ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ፊያሜታ አለች። ታላቅ ልቦለድ ነው፤ ሰው ግን ከፊያሜታ ጋር ፍቅር ይዞት እንጂ ታላቅ ነው ስለተባለ አይደለም ያነበበው።

እንግዲህ እኔ ከቫምፓየር ጋር ጠብ የለኝም። ከፍቅርም ጠብ የለኝም። ጠቤ ሁለት ነው። አንደኛው ልጁ ቫምፓየሩን ከየት አመጣው? ሁለተኛው ያንን ኢንስፔክተር ከየት አመጣው?

ግንብ ውስጥ ያለው ደም መጣጭ

የፈረንጁ ቫምፓየር ማነው? እ.ኤ.አ. በ1897 ብራም ስቶከር የሚባል የአየርላንድ ሰው «ድራኩላ»ን ሲጽፍ ደም መጣጩን ማን አደረገው? ቆሻሻ ጠራጊ አደረገው? ጫማ ጠጋኝ አደረገው? የለም! ባላባት ነው ያደረገው። ባለ ግንብ፣ ባለ ርስት፣ ባለ ማዕረግ! መጽሐፉ ሲጀምር ከእንግሊዝ አንድ የሕግ ሰው ወደ ግንቡ የሚጓዘው ለምን መሰላችሁ? ለጌትዬው ለንደን ውስጥ ቤት ለመግዛት ውል ሊያስፈርም ነው። የአካባቢው ድሆች ደግሞ ሰውየው ወዴት እንደሚሄድ ሲሰሙ ያማትባሉ፤ አንዲት ባልቴት መስቀል ከአንገቷ አውልቃ ትሰጠዋለች። ድሆቹ ያውቃሉ! ደማቸው የሚመጠጠው ከላይ ካለው ግንብ እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቃሉ።

ካርል ማርክስም ከስቶከር ቀድሞ «ካፒታል» በተባለው መጽሐፉ ገንዘብን የሠራተኛ ጉልበት እየመጠጠ ከሚኖር ቫምፓየር ጋር ያመሳሰለው ያለ ነገር አይደለም። እኛም አገር በደርግ ጊዜ «ደም መጣጭ» የሚለው ቃል ከሬዲዮ ጠፍቶ አያውቅም ነበር። ደም መጣጭ ፊውዳል፣ ደም መጣጭ ቡርዣ! ያንን የሚያስጮኹን ሰዎች በቀይ ሽብር ዘመን የልጅ ሬሳ ለእናት ሲሰጡ የጥይቱን ዋጋ እንዳስከፈሉ የሚመሰክር ቤተሰብ ግን ዛሬም አለ። ያም ሆኖ ቃሉ አቅጣጫውን አልሳተም። ጣቱን ወደ ላይ ነበር የሚቀስረው።

የእኛ የባህል ደም መጣጭስ ማነው? ቡዳ! ቡዳ የተባለውስ ማነው? ቀጥቃጩ! ሸክላ ሠሪዋ! ፋቂው! ሸማኔው! ቤተ እስራኤሉ! ከግንብ ያልወረደ፣ ርስት የሌለው፣ ከመንደሩ ዳር የሚኖር! ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ ምጣዱን፣ ጋኑን ከእጁ ተቀብሎ፣ እጁን ግን አልጨብጥም ያለ አገር ነው ያለን። ልጅ ታመመ፣ «ቡዳ በላው»። ላም ነጠፈች፣ «ቡዳ አየብኝ»። ማታ ደግሞ ጅብ ሆኖ መቃብር ይቆፍራል ይባላል። ግብሩን ማን ወሰደ፣ እህሉን ማን ጫነ፣ ልጁን ለጦርነት ማን ነዳ ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። የፈረንጅ ገበሬ ደሜን መጠጠኝ ብሎ ባላባቱን ሲጠረጥር፣ የእኛው ማረሻ የሠራለትን ሰው ጠረጠረ!

ይህ እኔ ዛሬ ያመጣሁት ነገር አይደለም። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን በሥራው የሚሳደብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ አስነግረዋል። ንጉሠ ነገሥት አዋጅ እስኪያስነግር ድረስ ነውሩ አገር ሞልቶ ነበር ማለት ነው። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፤ ስድቡ ግን አዋጁን ቀብሮ እሱ አልተቀበረም።

ታዲያ በሦስተኛው ደብተር ያ መልከ መልካም ኢንስፔክተር የደም መጣጩን ዱካ ተከትሎ የት ቢደርስ ጥሩ ነው? ከአንድ ቀጥቃጭ ቤት! ወናፉን ያያል፣ መዶሻውን ያያል፣ ከከሰሉ ሥር የሰው አጥንት ያገኛል። ቀጥቃጩ ወደ ጅብ ሊለወጥ ፀጉሩ ቆሞ ሲያጓራ ኢንስፔክተሩ ሽጉጡን መዥረጥ አድርጎ ይጥለዋል። ሰፈሩ ያጨበጭባል። ልጅቷ ኢንስፔክተሩ ደረት ላይ ትወድቃለች። ተፈጸመ!

አያቴ ቀጥቃጭ ነበር።

ከወሎ ነው የመጣው። ለምን እንደመጣ ተጠይቆ ሲመልስ ሰምቼው አላውቅም፤ መጠየቅም አላስፈለገም። ድሬዳዋ እንደ ሌላው ከተማ በንጉሥ ችካል የተተከለች ከተማ አይደለችም። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ የሐረርን ተራራ መውጣት አቅቶት በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሜዳ ላይ ሲያርፍ፣ በጣቢያውና በባቡር መጠገኛው ዙሪያ የበቀለች ናት። ከተማዋ ራሷ የብረት ልጅ ናት! አያቴ ምድር ባቡር ወርክሾፕ በር ላይ ሲቆም ፈረንጁ የጠየቀው ዘሩን አይደለም። ብረት አግሎ ቅርጽ ማስያዝ ይችል እንደሆነ ብቻ ነው የጠየቀው። ይችላል! አገሩ ላይ ሰው ሰላም የማይለው እጅ ድሬ ላይ በየወሩ ለደመወዝ የሚፈርም እጅ ሆነ። ከሱማሌው፣ ከኦሮሞው፣ ከሐረሪው፣ ከአረቡ፣ ከግሪኩ ጋር አብሮ ምሳውን በላ።

ግን ደገኛው ደግሞ በባቡሩ ስድቡንም ጭኖ መጣ። አባቴ የነገረኝ ይሄን ነው። አያቴ ከሥራ ሲመለስ፣ ከፊት ለፊቱ ሕፃን ያቀፈች ሴት ስትመጣ ካየ መንገዱን ተሻግሮ በማዶ ይሄድ ነበር። እሷ የልጇን ፊት በነጠላዋ ከመሸፈኗ በፊት! አንድ ጎረቤት ነበረች፤ ልጇ ሲታመም በራችን ላይ እሳት ይዛ ቆማ የጮኸችበትን ሌሊት አባቴ እስኪሞት ድረስ አልረሳውም። ልጁ ወባ ነበረበት። ዳነ። ጎረቤታችን ግን ይቅርታ አልጠየቀችም፤ «ለቀቀው» አለች እንጂ።

እና አሁን የዚያው ከተማ ልጅ፣ በተማረ እጁ፣ የፈረንጁን ባላባት ከግንቡ አውርዶ የአያቴን መዶሻ አስጨበጠው። ይሄ ነው ውርስ ትርጉም? ማነው ያወረሰን?

ደግሞስ ድሬ ተቀምጦ ጅብን ጭራቅ ማድረግ ምን የሚሉት ድፍረት ነው! ሐረር እኮ የአንድ ሰዓት መንገድ ናት። እዚያ ጅቡን በስሙ ጠርተው፣ በአፋቸው በያዙት እንጨት ሥጋ ያጎርሱታል። በሐረሮች እምነት ጅብ ጂን የሚበላ፣ ከተማ የሚያጸዳ ፍጡር ነው። ልጁ የገዛ ጎረቤቱን ተረት ትቶ ያየውን ሳይሆን የሰማውን ጻፈ።

የኢንስፔክተሩ ተአምር

ወደ ሁለተኛው ጠቤ ልምጣ። ልብ ብላችሁልኛል? ሰው ደም መጥጦ የሚኖር፣ መስተዋት ላይ የማይታይ፣ የማይሞት ፍጡር ስለመኖሩ ሳነብ አንዴም «ውሸት!» አላልኩም። ኢንስፔክተሩ ግን ገና አለቃውን ቀና ብሎ አይቶ «ጌታዬ፣ ይህ ፋይል አይዘጋም» ሲል ከወንበሬ ልወድቅ ነበር። ቫምፓየሩን ያመንኩ ሰውዬ መርማሪውን ማመን አቃተኝ!

ፈረንጆቹ እንኳ መጀመሪያ ላይ አላመኑትም። «ድራኩላ» ውስጥ ጭራቁን የሚያሳድዱት ሐኪሞች፣ የሕግ ሰውና መኳንንት ናቸው፤ ፖሊስ የለበትም። ከቤቶቹ አንዱን ለመስበር ሲሄዱ ቁልፍ ሠሪ ቀጥረው በጠራራ ፀሐይ በሩን ያስከፍታሉ፤ የሰፈሩ ፖሊስ እዚያው እያለፈ ምንም አይታየውም። (የብረት ሠሪውን ሚና ልብ በሉልኝ። በፈረንጁ መጽሐፍ የጭራቁን በር የሚከፍተው እሱ ነው!) ፖሊሱና ቫምፓየሩ በአንድ ልቦለድ የተገናኙት በእኛ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ታንያ ሃፍ የምትባል ካናዳዊት ደራሲ አንዲት የቶሮንቶ መርማሪ ፈጠረች። ዓይኗ በጨለማ ማየት ስላቃተው ከፖሊስነት ሥራዋ ለቃለች። ረዳቷ ደግሞ ቀን ቀን መውጣት የማይችል፣ የንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ዲቃላ የሆነ ቫምፓየር ነው፤ ለእንጀራው የፍቅር ልቦለድ ይጽፋል! አንዷ ለቀን፣ አንዱ ለሌሊት። እንዴት ያለ ብልሃት ነው! እዚያው ቶሮንቶ በቴሌቪዥን ከ1992 እስከ 1996 በታየ ድራማ ደግሞ ቫምፓየሩ ራሱ መርማሪ ፖሊስ ነው፤ የሌሊት ተረኛ! ደም መጣጩና ፖሊሱ አንድ ሰው ናቸው ብሎ ለመጻፍ ካናዳ ድረስ መሄድ አያስፈልግም ነበር የሚል አንባቢ ቢኖር አልቆጣውም።

ምክንያቱም «መርማሪ» የሚለው ቃል ለእኛ ምን ማለት ነው? በፈረንጁ መጽሐፍ መርማሪው የሚመረምረው ዕቃ ነው። የሲጋራ አመድ ያነሳል፣ የጫማ ኮቴ ይለካል፣ የብርጭቆ አሻራ ይወስዳል። እኛ አገር የሚመረመረው ሰው ነው። የእኛም መርማሪ እግር መርምሯል፤ የተጠርጣሪውን ውስጥ እግር! ማዕከላዊ በደርግም በኢሕአዴግም ዘመን የሠራው ይሄንኑ ነው። በ2010 ዓ.ም. ሲዘጋ፣ ኋላም ሕዝብ ሲጎበኘው፣ ክፍሎቹን ያየ ሰው ሁሉ ተረድቶታል። «ወፌ ላላ» በተሰቀለበት አገር ማስረጃ ፍለጋ አሸዋ ለአሸዋ የሚንከራተት ኢንስፔክተር ለምን ያስፈልጋል? ያመነ ሰው እያለ!

ድሬዳዋ ላይ ደግሞ የመንግሥት ዩኒፎርም ሲባል ለብዙ ዘመን ወደ ሰው ሐሳብ የሚመጣው ፊናንስ ነው። ከጅቡቲ በሚመጣው ባቡር ላይ ቀሚሷ ውስጥ ጨርቅ ጠምጥማ የመጣችን እናት የሚያባርር ፊናንስ! ትልቁ ነጋዴ በመኪና ሲያስገባ የማይታየው፣ የሴትየዋ ሁለት ሽርጥ ግን የሚሸተው! ልጁ ይሄን እያየ ያደገ ነው። ታዲያ ያንን ንጹሕ ኢንስፔክተር ያየው የት ነው? ፊልም ላይ!

ሰው አያምንም ስል የምሬን ነው። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. የሕዳሴ ግድቡ መሐንዲስ ስመኘው በቀለ መስቀል አደባባይ መኪናው ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ፖሊስ መረመርኩ አለ፤ ራሱን ነው ያጠፋው ብሎ መግለጫ ሰጠ። እኔ ፖሊስ ዋሸ አልልም፤ ማስረጃ የለኝም። የምለው ሌላ ነው። ምናልባት እውነት ይሆናል፤ ግን ስንቱ ሰው አመነ? እውነት ቢናገር እንኳ የማይታመን መርማሪ ያለበት አገር ላይ የምርመራ ልቦለድ መጨረሻው ገጽ ላይ ሲደርስ ምን ይሆናል? አንባቢው ገዳዩ ሲነገረው «እስቲ እውነተኛውን ንገረኝ» ይላል!

በዓሉ ግርማ ደግሞ አለላችሁ። «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታተመ፤ ከገበያ ተለቀመ። በየካቲት 1976 ዓ.ም. ደራሲው ከቤቱ ወጣ፤ አልተመለሰም። መኪናው ተገኘች፤ እሱ አልተገኘም። ከአርባ ዓመት በላይ ሆነ። የአገሪቱ ትልቁ የምስጢር ልቦለድ ጸሐፊ ራሱ ያልተፈታ ምስጢር ሆኖ ቀረ። ደርግ ወደቀ፣ ኢሕአዴግ መጣ፣ እሱም ሄደ፤ ለሚስትና ለልጆቹ መቃብሩን ያሳየ አንድ ኢንስፔክተር አልተገኘም። ሬሳ የለም፣ ፋይል የለም፣ ግንቡ ግን አለ።

ልጁ ቅዳሜ መጣ። ይሄን ሁሉ እሳት ጎርሼ ጠበቅሁት። የአያቴን ነገር ስነግረው አቀረቀረ። «ጋሼ፣ ወላሂ አላወቅሁም» አለ። አመንኩት። ቀጥዬ «እሺ፣ ለምን እንደ ፈረንጁ ባለ ግንቡን አላደረግኸውም? ባለ ቪላውን፣ ባለ ሥልጣኑን?» ብዬ አፈጠጥኩበት።

ቀና ብሎ አየኝና ሳቀ።

«አቦ ጋሼ፣ ባለሥልጣኑን ቫምፓየር ባደርገው ማን ያትምልኛል? ማተሚያ ቤት ይፈራል፣ አዟሪው ይታፈሳል፣ እኔም እታሰራለሁ። ቀጥቃጭ አይከስም።»

አያችሁልኝ? ልጁ አጉል እምነት ይዞት አይደለም! ሒሳብ ሠርቶ ነው! ለካ ተረቱም ድሮ የተሠራው በዚሁ ሒሳብ ነው። ቀጥቃጭ አይከስም፣ ሸክላ ሠሪ አይከስም፤ ደም የጎደለበት ሰው ደግሞ የሆነ ሰው ላይ መጮህ አለበት። እኔስ ብሆን? በ1997ቱ ምርጫ ማግስት ጋዜጦች ሲዘጉና አዘጋጆች ሲታሰሩ ስንቱን ጽሑፌን አጣጥፌ ሣጥን ውስጥ እንደከተትኩ እኔ አውቃለሁ። እሱን ለመውቀስ የነበረኝ ወኔ ግማሹ እዚያው ቀለጠ።

«ኢንስፔክተሩስ?» አልኩት። «ኢንስፔክተሩ ይሸነፍ ነው የምትለኝ?» አለ። «ታዲያ ማን ይገዛዋል? ሰው ብር ከፍሎ የሚያውቀውን ነገር ያነባል እንዴ?»

ይሸነፍ አላልኩም። የነገርኩት ይሄን ነው። ኢንስፔክተሩ ዱካውን ተከትሎ ቪላው በር ላይ ይድረስ። ዘበኛው ይክፈትለት። ያኔ ስልኩ ይጩህ። አለቃው ነው፤ «ፋይሉን ዝጋ» ይለዋል። ልጅቷ ከውስጥ ናት፤ እሱ በር ላይ ነው፤ ስልኩ ጆሮው ላይ ነው። ኪሱ ውስጥ የቤት ኪራይ ደረሰኝ አለ፣ ልጅቷ የጻፈችለት ደብዳቤም አለ። ያን ሌሊት ምን እንደሚያደርግ ጻፍልኝ፤ ያኔ ሻማ አብርቼ አነባለሁ፣ ኢንስፔክተሩንም አምነዋለሁ አልኩት። መልስ አልሰጠኝም። ሁለቱን ደብተሮች ይዞ ሄደ፤ ሦስተኛውን እኔ ጋ ተወው።

ሦስተኛው ደብተር አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው። በቀይ እስክሪብቶ «ቀጥቃጩ» የሚለውን ቃል ከየገጹ ሰርዣለሁ፤ አርባ አንድ ጊዜ። በቦታው ምንም አልጻፍኩም። ለሚመጣው ቅዳሜ እመጣለሁ ብሏል።